ሦስት ሺህ ዙር

ቡሬ፣ ከጋራዡ ጀርባ፣ ቆርቆሮ ከተቆለለበት፣
ይታይሽ ሚዛን ዘርግታ ብረት በኪሎ ከምትሸጥበት፣
ትራንስፎርመር ፍለጋ ወረድሁ ቅዳሜ ማለዳ፤
በኪሴ መለኪያ ይዤ፣ በልቤ የጊታር ዕዳ።
(መለኪያ ስል የአረቄውን አይደለም፤
የኦሙን ነው፤ እሱም ግን ማስከሩን አይተውም።)

ዕዳው የምንይችል ነው፣ የፊዚክሱ መምህር፤
"ቫልቩ አለኝ፣ ሣጥኑም አለኝ፤ ድምፁ ግን በየት ይሻገር?"
ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቫልቭ ኩሩ ነው፣ በሦስት መቶ ቮልት ይቆማል፤
ከስንዝር ስፒከር ጋራ በምን አፉ ይስማማል?
እሱ አምስት ሺህ ኦም ይላል፣ ስፒከሩ ስምንት ብቻ፤
ያለ ሽማግሌ አይገናኙም እነዚህ ለጋብቻ።
ሽማግሌው ብረት ነው፣ ሁለት ጥቅል መዳብ ለብሶ።
እኔ ቅኔ ቤት ሁለት ዓመት ነበርሁ፤ ሰሙ ወርቁን ሳይነካ
እንደሚያሳልፍ አውቃለሁ፤ መዳብም ያውቅ ኖሯል ለካ።

ሁለት አወጣች። አንደኛው አዲስ፣ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ፤
"ሃምሳ ዋት" ይላል ልጣፉ፣ ክብደቱ ከሎሚ የተወለደ።
ሳነሣው እጄ ላይ ቀለለ።
ወፍራሙ ክር ሲመታ እንዲህ ያለው ቶሎ ይጠግብና፣
ድምፁ ይደፈርሳል፣ እንደ ሐምሌ ዓባይ ሆነና።

ሌላው ዝገት የበላው፣ ጥቁር፣ እንደ ጡብ የከበደ፤
ሚዛኑ ኪሎ ከሩብ አለ፤ ልቤ ወደሱ ወረደ።
በግ የሚገዛ ጥርስ ያያል፤ እኔ ቫርኒሹን አሸተትሁ፤
የተቃጠለ አይሸትም፤ የሽቦውን ጫፍ ቧጠጥሁ።
"የባሌ እጅ ነው" አለችኝ፤ "እንየው ካለፈ ወዲያ
ሌላውን ሸጥሁ፤ ይኸ ቀረ፣ ለአልጋዬ እግር መደገፊያ።"
"ዛሬስ?"
"ዛሬማ አልጋውም ተሸጠ።"

ሶኬት ለመንሁ ከጋራዡ፤ መብራቱ ያን ቀን ልግመኛ፣
ሁለት መቶ ሃያ ቢሉትም መቶ ሰማንያ ነው ለእኛ።
(ከዚህ አገር ትራንስፎርመር የሚመርጥ ይህን ይወቅ፦
ልጣፉን አትመን፤ ጠዋት ለካ፣ ማታ ለካ፣ ጠብቅ።)
አሳንሼ ሁለት ቮልት ለወፍራሙ ጥቅል ብሰጥ፣ ቀጭኑ ሃምሳ መለሰ።
ሃያ አምስት እጥፍ! ሃያ አምስትን በራሱ፣ ከዚያም በስምንት
ባባዛው፣ አምስት ሺህ ደረሰ።
በኪሎ ዋጋ ከፈልሁ። አፈርሁ፣ ግን ከፈልሁ።

ዝገቱን ልፍቅ ብዬ ብሎኑን ፈታሁ ማታ፤
ባንድ ቫልቭ የሚሠራ ብረት ክፍተት ይሻል፣ የወረቀት ያህል ቦታ።
ከዚያች ወረቀት ላይ በእርሳስ፣ ደቃቅ ጽሕፈት፦

"ስምንት መቶ። መብራት ጠፋ።
አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥር፣ በኩራዝ።
ሁለት ሺህ አራት መቶ ሰባት፤
እዚህ ላይ ይታይሽ ጠራችኝ፣ ለራት።
ሁለት ሺህ አራት መቶ ሰባት። እንዳይረሳ።
ሦስት ሺህ።"

ሰኞ ሄጄ አነበብሁላት። የሚዛኑን ድንጋይ አነሣች፣
መልሳ አስቀመጠች።
"ውሸቱን ነው!" አለች ኋላ፤ "ማን ጠራው? እኔ አልጠራሁትም።
ሽሮው ሸትቶት ነው የመጣ፤ እሱ ከራበው አይቆጥርም።"
ሳቋ ግን መሃል ላይ ቆመ። "ስንት ነበር ያልኸው?" አለች፤
"ሁለት ሺህ አራት መቶ ሰባት።"
በጣቷ ጉልበቷ ላይ ጻፈች።

ዓርብ ማታ ምንይችል ቤት ቫልቩ ቀስ ብሎ ቀላ፤
መብራቱ ወገቡ ሳስቶ፣ ደግሞ ቀና ብሎ ሞላ።
ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቱ መታው። ብረቱ አልጠገበ፤
ድምፁ እንደ ጥር ዓባይ፣ ጠጠሩን እያሳየ ረበበ።
"ጠራ!" አለ ምንይችል፣ ጊታሩን አቅፎ እንደ ሰው።
"ማንን?" አልሁት፣ ሳላስበው።